ሮቤ ላይ የተሠራው “የጦር አውሮፕላን”

መጀመሪያ ስለ ክብደቱ እንነጋገር። የጦር አውሮፕላን ሲባል ብረት፣ ጭስና ቦምብ ይሆናል የሚታያችሁ። እኔ የማወራላችሁ ግን ተሠርቶ አልቆ፣ ከነሞተሩ ከነባትሪው፣ የሁለት ደህና ደህና ዶሮ ክብደት ያለው ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል። ጎድኖቹ በምላጭ ይቆረጣሉ፤ ሳይለብስ ብርሃን ላይ ያዝ ብታደርጉት ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ይታያችኋል። «አሻንጉሊት ነዋ!» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ላለው ሰው አንዷን ጎድን አቀብለውና «እስቲ ይቺን ሳትሰብር አለስልሳት» እለዋለሁ። እስካሁን ሁለተኛ ጊዜ አሻንጉሊት ብሎ የጠራብኝ የለም።

ወደዚህ ወሬ ያመጣኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከወላጆች የምንሰማው እሮሮ ቃሉ ይለያይ እንጂ አንድ ነው፤ «ልጃችን ፈተናው አልሆነለትም፣ ቤት ዋለ፣ ምን እናድርገው?» ከልጆቹ የምንሰማውም አንድ ነው፤ «ምን ልሁን?» መቼም ለዚህ መድኃኒት አለኝ የሚል አዋቂ ካለ አድራሻውን ይስጠን። እኔ የለኝም። ባሌ፣ ሮቤ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ቤት ያየሁትን ግን ልንገራችሁ።

ስሙን አልጽፍም። የሮቤ ልጅ ነው፣ ያኔ 19 ዓመቱ ነበር። የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት አንዱ ነው። የዚያን ዓመት ውጤት ታስታውሱታላችሁ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ሦስት ማለት ነው! ልጁ ከ97ቱ ወገን ሆነ። ብቻውን እንዳልወደቀ ያውቃል፤ ግን ሰው ብዙ ሆኖ ሲወድቅ ሕመሙ ይካፈላል ያለው ማነው? መስከረም 2016 ዓ.ም. ውጤት ከመጣ በኋላ ቀን መተኛት፣ ሌሊት ስልክ ላይ ማፍጠጥ፣ ከሰዓት ከጀለሶቹ ጋር ቁጭ ብሎ መቃም ሆነ ሥራው። ከአባቱ ጋር ሰላምታ እንኳ ቀረ። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

ታላቅ ወንድሙ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው። ምን እንደታየው እንጃ፣ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ አንድ ረጅም የካርቶን ሳጥን ላከለት። ሳጥኑ ላይ አውሮፕላን ተስሏል። ሲከፍቱት ግን አውሮፕላን የለም! ስስ ጣውላ፣ ቀጫጭን እንጨት፣ ሽቦ፣ ከፕላስቲክ የተሠራ የአብራሪ መስኮት፣ ደግሞም አልጋ የሚያህል የተጠቀለለ ወረቀት። አባትየው ዙሪያውን አይተው፣ «ይሄ ልጅ ወንድሙን ማገዶ ላከለት?» አሉ አሉ። ወንድምየው ከነሞተሩ ወደ 400 ዶላር እንዳወጣበት ሲሰሙማ ወሬው የበግ ዋጋ ሆነ፤ በዚያ ብር ስንት በግ ይገዛ እንደነበር ለአንድ ሳምንት በየማዕዱ ይሰላ ነበር።

የልጁ አጎት የሥራ ባልደረባዬ ነው። እኔ የባልሳ አውሮፕላን የመሥራት ሱስ እንዳለብኝ መሥሪያ ቤት ውስጥ የማያውቅ የለም። «ዕረፍትህን ባሌ አትወስድም?» አለኝ። ታኅሣሥ 2016 ላይ 430 ኪሎ ሜትሩን በአውቶቡስ ተያያዝኩት።

ባልሳ ምን መሰላችሁ? ከደቡብ አሜሪካ፣ በተለይም ከኢኳዶር የሚመጣ ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ በስድስት ሰባት ዓመት ለመጋዝ ይደርሳል። እንጨቱ በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ የእኛ ባሕር ዛፍ ከእሱ አራት አምስት እጥፍ ይከብዳል። ግን ለክብደቱ ያለው ጥንካሬ ጉድ ያሰኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች «ሞስኪቶ» ያሉትን ፈጣን አውሮፕላናቸውን ገላ የሠሩት በሁለት ስስ ኮምፔንሳቶ መሀል ባልሳ አጣብቀው ነው። እውነተኛውን፣ ሁለት ሰው ጀርመን ድረስ የሚሄድበትን ማለቴ ነው። ስለዚህ የእንጨት የጦር አውሮፕላን ቀልድ አይደለም።

አሠራሩን ለማስረዳት ከጭቃ ቤት የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁም። ልጁም የገባው በዚያ ነው። ምሰሶና ወራጅ አለ፣ በላዩ ማገር ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ልባስ ይመጣል። ክንፍም እንዲሁ ነው። ከትከሻ እስከ ጫፍ የሚሄደው ረጅም እንጨት ወራጁ ነው። ጎድኖቹ በእሱ ላይ በየተራ ይሰካሉ፤ ቅርጹን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ከላይ ስስ የባልሳ ሉህ ይለብሳል፣ በዚያ ላይ ልባሱ። ልዩነቱ፣ ጭቃ ቤት ትንሽ ቢጣመም ሰው ይኖርበታል፤ የተጣመመ ክንፍ ግን በመጀመሪያው በረራ ይገለበጣል።

ሳጥኑ ላይ የተሳለው ቲ-28 ነው፤ አሜሪካኖች «ትሮጃን» የሚሉት። ወንድምየው ይህን የመረጠው አውቆ ከሆነ ብልህ ነው፣ ሳያውቅ ከሆነ ዕድለኛ። ወጣቶች የጦር አውሮፕላን ሞዴል ሲባል ወዲያው የሚሮጡት ወደ ሙስታንግና ስፒትፋየር ነው፤ ሲያዩዋቸው ያምራሉ፣ አራዳ ናቸው። ግን ሁለቱም ትልልቆቹ ጎማዎች ፊት ሆነው ጭራቸው መሬት የሚነካ ናቸው። ለመነሣት ሲንደረደሩ አፍንጫቸው ወደ ጎን ይሳባል፣ ዝግ ሲሉ ደግሞ አንዱ ክንፍ ሳያስጠነቅቅ ይከዳል። ቲ-28 ግን ሰው ለማሠልጠን የተሠራ ነው። አፍንጫው ሥር ጎማ አለው፣ ክንፉ ሰፊ ነው፣ የጀማሪን እጅ ይታገሣል። እውነተኛው መጀመሪያ የበረረው እንደ ፈረንጆቹ በ1949 ሲሆን ከክንፍ ጫፍ እስከ ጫፍ 12.2 ሜትር ነው። የእኛው ስምንት ጊዜ አሳንሶት 1.52 ሜትር ሆነ። በንጉሡ ዘመን የኢትዮጵያ አየር ኃይልም ቲ-28 ነበረው። ልጁ ይህን ከስልኩ ላይ አንብቦ ሲያገኝ ዓይኑ በራ። «ጋሼ፣ የእኛን ቀለም ነው የምቀባው!» አለኝ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ክቡን ክንፉ ላይ ሊያሳርፍ ተስማምተን ሥራ ጀመርን።

ሥራው የሚጀምረው ሥራ በሌለበት ነው፤ ገበታ ፍለጋ። ፍጹም ለጥ ያለ፣ ስፒል የሚቀበል ሰሌዳ ያስፈልጋል። ከአንድ የቤት ዕቃ ሠሪ ቺፑድ ለመንን፣ ላዩን ለስፒሉ እንዲሆን በወፍራም ካርቶን ሸፈንነው። ፕላኑ በላዩ ይዘረጋል፣ እንዳይጣበቅ ስስ ላስቲክ ይነጠፍበታል፣ ከዚያ እንጨቱ በሥዕሉ ላይ በስፒል እየተያዘ ይለጠፋል። ሙጫው ተራ ነው፤ ለአብዛኛው ኮላ፣ ለችኩል ቦታ ከየሱቁ የሚገዛው ሱፐር ግሉ፣ ሞተሩና እግሮቹ ለሚያርፉበት ኢፖክሲ። የባሌ ብርድ ግን ለሙጫ አይመችም። ሳጥኑ ላይ «በ30 ደቂቃ ይደርቃል» የተባለው ኢፖክሲ በታኅሣሥ ሌሊት እስከ ጠዋትም አልረጋ አለ። መፍትሔውን ያገኙት እናትየው ናቸው፤ ሰሌዳውን እንዳለ አንሥተን ማድቤት፣ እንጀራ ጋግረው ሲጨርሱ ምድጃው አጠገብ እናቆመዋለን። እሳቱ መጥፋቱን ማየት ግዴታ ነው። ባልሳ እንደ ገለባ ነው የሚነደው።

እውነቱን ለመናገር እኔን የገረመኝ አውሮፕላኑ አልነበረም። ሙጫ ጊዜ አለው። ማታ የለጠፍከውን ጠዋት ተነሥተህ ስፒሉን ካልነቀልክ የሚቀጥለው አይሠራም። ቀን የሚተኛው ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ከእኔ ቀድሞ መነሣት ጀመረ። ማንም ተነሥ ያለው የለም። ጀለሶቹ «ጠፋ» ብለው ፍለጋ መጡ፤ አንዱ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ሙሉ የጎድን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ ዋለ። ጫቱን ተዉ ማለቴ አይደለም፣ እንዳትሉኝ። በሱፐር ግሉ በተጣበቀ ጣት ጫት መቀንጠስ ግን እንዴት እንደሚያስቸግር አይቻለሁ።

ክንፉ ሊያልቅ ጎድኖቹ ቀጥ ብለው በቆሙበት ጊዜ ነው ቴሌቪዥኑ ስለ «ፀሐይ» ያወራው። ጥር 2016 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ፀሐይ የተባለችውን አውሮፕላን ለኢትዮጵያ መለሰች። ፀሐይ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ የንጉሡ አብራሪ በነበረው በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች እጅ የተገጣጠመች አነስተኛ አውሮፕላን ናት። ስሟ የወጣው በልዕልት ፀሐይ ነው። ወረራው መጣና ወራሪው ወሰዳት፤ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኝ የጣሊያን ሙዚየም ውስጥ ቆማ ኖረች። አባትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበራቸውን ወደ እኛ አዙረው ቴሌቪዥኑንም ሰሌዳውንም እያፈራረቁ ሲያዩ ያዝኳቸው። «ይቺም እንጨት ናት?» አሉ። ምንም አላልኩም፣ ልጃቸው ይመልስ ብዬ። መለሰላቸው። ከአንድ ወር በኋላ የተለዋወጡት የመጀመሪያ ረዘም ያለ ወሬ እሱ ነው፤ ስለ ክንፍ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልግባ። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ነው ያሉት። ከቆላ የሚመጣ ኳስ ተጫዋች ትንፋሹ ሲቆራረጥ አይታችሁ ይሆናል፤ አውሮፕላንም እንደዚያው ነው። ሮቤ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲነጻጸር እፍጋቱ 78 በመቶ ያህል ነው። ክንፍ የሚያነሣው አየርን ወደ ታች እየገፋ ነው፤ የሚገፋው ከሳሳ ወይ መፍጠን ወይ መቅለል አለበት። ፕላኑ ላይ የተጻፈው ክብደት 2.8 ኪሎ ነው። በስሌት ሳወጣው፣ ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ቢሆን ይህ አውሮፕላን በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪወርድ ድረስ ክንፉ ይሸከመዋል። ሮቤ ላይ 40 ላይ ይከዳዋል። 4,000 ሜትር ከፍታ ባለው በሰነቴ አምባ ላይ ደግሞ ወደ 43። «አምስት ኪሎ ሜትር ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። ጓል በበዛበት ማሳ ላይ በትንንሽ ጎማ ለሚያርፍ የእንጨት ነገር ብዙ አላት! ሞዴል የሚሠሩት ኩባንያዎች ሳጥናቸውን ሲያትሙ የባሌ ደጋ ይታሰባቸዋል ብላችሁ አትጠብቁ። አዲስ አበባም፣ ደብረ ብርሃንም፣ ደሴም ያላችሁ ይህን ስሌት ከወዲሁ ያዙት።

ስለዚህ ማቅለል። ከአንድ ወርቅ ቤት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ተዋስን። ሰውየው እንጨት ልንመዝንበት እንደሆነ ሲሰሙ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ባልሳ ሁሉ እኩል አይደለም፤ አንድ መጠን ያላቸው ሁለት ሉሆች አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊመዝን ይችላል። ሁሉንም መዝነን በእርሳስ ጻፍንባቸው። ከባዱን ወደ አፍንጫ፣ ቀላሉን ወደ ጭራ። ጭራ ላይ የተረፈች አንዲት ግራም ሚዛን ለመጠበቅ አፍንጫ ላይ ሁለት ሦስት ግራም እርሳስ ታስጨምራለች፤ ስለዚህ ምሕረት የለሽ የሚኮነው ጭራ ላይ ነው። ኮላውን ደግሞ ልጁ መጀመሪያ እንደ ሽሮ ነበር የሚያፈሰው፤ በጥርስ ማጽጃ እንጨት ጫፍ እንዲቀባ አደረግነው። ሞተሩ የኤሌክትሪክ መሆኑ ረድቶናል። ነዳጅ የሚያቃጥለው ዓይነት ቢሆን በሮቤ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣ ነበር። የኤሌክትሪኩ የሚያቃጥለው አየር ስለሌለ ጉልበቱ አይጎድልም፤ ውልብልቢቱ ብቻ ነው በሳሳ አየር ውስጥ ነክሶ የሚይዘው የሚያጣ። ለዚያ ውልብልቢቱን አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ ነው።

አሁን ደግሞ ያልጠበቅነው ነገር መጣ።

ሳጥኑ ውስጥ አንድ ፌስታል ሙሉ ፕላስቲክ ነበር፤ ከክንፍ ሥር የሚንጠለጠሉ ቦምቦች፣ የሮኬት ጎጆዎች፣ የመትረየስ ማቀፊያዎች። የቲ-28 የጦር ዓይነቱ እንደዚያ ይታጠቅ ስለነበር ነው። ልጁ ከሁሉ በፊት ጨርሶ የቀባው እነሱን ነው፤ ወጣት አይደል! አንድ ከሰዓት ክንፉ ሥር ለሙከራ በፕላስተር አንጠልጥሎ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አቆመው። አያትየው ገቡ። አኮ ነው የሚሏቸው፣ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፣ ከዘራ ይዘው ነው የሚሄዱት። አውሮፕላኑን አዩት። ጠጋ ብለው ቦምቧን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጓት። ከዚያ አንድ ነገር ተናግረው ወጡ።

ልጁ ቀይ ሆነ። «ምን አሉ?» አልኩት። «ይሄ እዚህ ቤት ምን ይሠራል? ነው የሚሉት» አለኝ።

ማታ ቡና ላይ አኮ ራሳቸው ተረኩት፣ ልጁ እያስተረጎመ። በንጉሡ ጊዜ፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1962 ድረስ በባሌ የገበሬዎች አመፅ ነበር፤ ከመሪዎቹ ስሙ የገነነው ዋቆ ጉቱ ነው። መንግሥት አመፁን ለማብረድ እግረኛ ብቻ ሳይሆን አየር ኃይልም አሰማርቷል። አኮ ያኔ ልጃገረድ ነበሩ። መጀመሪያ የሚሰሙት ከብቶቹ ናቸው አሉ፤ ጆሯቸውን ያቆማሉ፣ ከዚያ ሳይነዷቸው ይሮጣሉ። ሰው ድምፁን የሚሰማው ከብቱ ከሮጠ በኋላ ነው። የት እንደተደበቁ፣ ማን እንደቀረ ተናገሩ፤ እሱን ልጽፈው የእኔ አይደለም። ልጁ ይህን ታሪክ በ19 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቱ ነው። አባትየውም በእናታቸው አፍ ሙሉውን ሰምተው እንደማያውቁ ከፊታቸው አስታወቀብኝ።

እኔ እንግዳ ነኝ፣ አፌን ዘጋሁ። አውሮፕላን ወዳድ ሰው ሁሉ የሚያመልጠው ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ እኛ ስለ ክንፍ ቅርጽና ስለ ሞተር ድምፅ ስናወራ ያንኑ ድምፅ ከታች ሆኖ የሰማ ሰው አለ። ጣሊያንም በመርዝ ጋዙ ያስተማረን ይህንኑ ነበር።

በማግስቱ ልጁ ፌስታሉን ወርቅ ቤቱ ሚዛን ላይ አስቀመጠው። 86 ግራም። «ጋሼ፣ ይሄን ብንተወው ስንት እናተርፋለን?» አለኝ። ያለውን ታውቃላችሁ፤ እኔም አወቅሁ። «ብዙ» አልኩት። ቦምቦቹ ወደ ሳጥኑ ተመለሱ። ክቡስ? የአየር ኃይሉ ዓርማ? ሦስት ቀን አሰበበት። በመጨረሻ ቢጫ አደረገው፤ ቲ-28 የማሠልጠኛ ሆኖ ሲሠራ ይለብሰው የነበረውን ቢጫ። ክንፉ ላይ ዓርማ የለም። አኮን አሳያቸው ወይስ አላሳያቸውም ብዬ አልጠየቅኩም። በኋላ ግን ሙዝና ዳቦ ይዘው መጥተው ሰሌዳው አጠገብ ሲቀመጡ አይቻለሁ።

ቢጫው የተለጠፈበት መንገድ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። ልጁ ፍቅረኛ አለችው። ጸጉር ቤት ነው የምትሠራው። ስድስት ሳምንት ሙሉ የእንጨት ብናኝ ከጸጉሩ ስታራግፍ ሰልችቷት «ወይ እኔን ወይ እንጨቱን!» ማለት ጀምራለች። እውነቷን ነው፤ ሞዴል ሠሪ ሁሉ ይህን ዓረፍተ ነገር ሰምቷል። እዚህ ላይ ለወንዶቹ አንድ ምክር ልጣል፤ «አንቺ አይገባሽም» አትበሉ። እሷ ለምን እንደሚገባት ላሳያችሁ። የአውሮፕላኑ ልባስ ከጀርባው ሙጫ ያለው ስስ ላስቲክ ነው። በካውያ ይለጠፋል፣ ከዚያ በሞቃት አየር ሲነፋ ይኮማተርና እንደ ከበሮ ይወጠራል። ሙቀቱ ካነሰ አይጣበቅም፣ ከበዛ ይቀደዳል ወይም ክንፉን ያጣምመዋል። እኔ ክንፍ ጫፍ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ይጨማደድብኛል። ልጅቷ ለአምስት ደቂቃ አየችኝ። «አምጡት እስቲ» አለች። ጸጉር ማድረቂያዋን ይዛ መጣች፤ በቀን ስንት ራስ የምትነፋ ልጅ ናት፣ ሙቀት በስንት ጣት ርቀት ምን እንደሚያደርግ እጇ ያውቀዋል። ጨርቁን እየሳበች፣ እየነፋች፣ ክንፍ ጫፉን እንደ ዕንቁላል አለሰለሰችው። ሁለት እሑድ ፈጀባት። ከዚያ በኋላ «እንጨቱን» ማለት ትታ «አውሮፕላናችን» ማለት ጀመረች፤ የኔታው ልጅ ግን ይህን ለውጥ መስማቱን እጠራጠራለሁ።

ሲያልቅ ሚዛኑ 2,470 ግራም አለ። ከፕላኑ 330 ግራም ያነሰ። በሮቤ አየር የሚከዳበት ፍጥነት ወደ 37 ወረደ ማለት ነው። የጭነት ሚዛኑን በሁለት ጣት ከክንፉ ሥር አንሥተን ሞከርን፤ ጭነቱ እንዳጋደለበት ፈረስ ወደ ኋላ ማዘንበል የለበትም፣ አፍንጫው ለጥቂት ዘቅዘቅ ማለት አለበት። ባትሪውን ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት ስንገፋው ቆመ። እርሳስ አላስፈለገም። ጭራ ላይ የተለፋው ሁሉ እዚህ ተከፈለን።

«በረረ ወይ?» ነው ጥያቄያችሁ። አልበረረም። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። በአገራችን ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። «የእኔ ድሮን አይደለም፣ ሞዴል ነው፣ ካሜራ የለውም» ብላችሁ ልትከራከሩ ትችላላችሁ። ከታች ሆኖ የሚያይ ፖሊስ ግን የሚያየው በሪሞት የሚበር ነገር ነው፤ ያለንበትን ጊዜ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ወንድምየው ሪሞቱን አብሮ ሊልክ ነበር፤ ፈቃዱ በወረቀት እስኪያዝ አስቀምጠው አልነው። ትርፍ ሊትየም ባትሪ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለም በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንዳያደርገው፤ ክልክል ነው፣ እሳት ያመጣል። ሮቤ አየር ማረፊያም አለ፤ ከእሱ መራቅ ነው። ወደ ባሌ ተራሮች ፓርክ ወጥቶ ሰነቴ ላይ ለማብረር የተመኘ ካለ ያን ይርሳው። በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ ነው፣ ቀይ ቀበሮዎቹም ንስሮቹም የእኛን ውልብልቢት አልለመዱም።

የበረረ ነገር ግን አለ። ከተራረፈው ባልሳ በእጅ የሚወረወር ትንሽ መንሸራተቻ አውሮፕላን ሠራን፤ ክንፉ ክንድ ተኩል፣ አፍንጫው ላይ አሥር ሳንቲም። ስንዴው በኮምባይነር ታጭዶ ገለባው በቀረበት ማሳ ላይ፣ ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ ወጣን። ሮቤ ላይ ጥሩው ሰዓት ያ ነው። ልጁ የመጀመሪያውን ወረወረ፣ አፍንጫው ቀና ብሎ ተመልሶ ወደቀ። አንድ ሳንቲም ጨመርን። ሁለተኛው ከትከሻው ለቆ፣ ዝም ብሎ፣ ገለባው ላይ ጥላውን እያስከተለ ሄደ፤ ሄደ፤ ሄደ። አርባ እርምጃ ቆጠርኩ። የሰፈሩ ሕፃናት ሁሉ ከኋላው ሮጡ። አንዱም ከብት አልሮጠም።

ልጁ በ2017 ዓ.ም. ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ብረት ሥራ ይማራል። አውሮፕላኑ ይሄን አደረገለት አልልም፤ አጎቱም ገፍቶታል፣ እናቱም ለምነውታል። ቢጫው አውሮፕላን ሳሎን ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሏል፣ የፈቃዱ ማመልከቻ በሂደት ላይ ነው። በቅርቡ ደወለልኝ። ውልብልቢቱ 13 ኢንች ይሁን 14 ሊጠይቀኝ ነው። 14 አልኩት፣ አየሩ ሳስቷልና። ከኋላው አባትየው ሲጮኹ ይሰማኛል፤ «14 ከሆነ ጓሉን ይነካል በለው! የፊቱን እግር ሦስት ጣት ላስረዝመው? ሽቦው ሞርሳው ላይ ነው!»